የእስያ ዓይነት የአሳ ስተር ፍራይ፦ አሳው ሳይፈርስ፣ መጥበሻው ውሃ ሳይቋጥር

ስተር ፍራይ፣ ማለትም በኃይለኛ እሳት በአጭር ጊዜ እያገላበጡ የሚጠበስ ምግብ፣ ሞክረው ያልተሳካላቸው ሰዎች የሚያነሱት ቅሬታ ሁሌም ይመሳሰላል። አሳው ፈረሰ። መጥበሻው ላይ ተጣበቀ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሳይታሰብ ወጥ ሆነ። ብዙዎቹ ሶያ ሶሱ (ከአኩሪ አተር የሚሠራው ጨዋማ ፈሳሽ) ላይ ወይም "ጅማ የማይገኝ" ቅመም ላይ ያሳብባሉ። ጥፋቱ የቅመም አይደለም፣ የውሃ ነው። እርጥብ አሳ፣ እርጥብ አትክልትና የተጨናነቀ መጥበሻ ከተገናኙ የሚወጣው ቅቅል ነው።

ሌላው እንቅፋት የእጃችን ልማድ ነው። ወጥ ስንሠራ ሽንኩርቱን ቀስ ብለን እናቁላላለን፣ እንዳያርር ውሃ ጠብ እናደርጋለን፣ ከዚያ ከድነን እንተወዋለን። እዚህ ሦስቱም ክልክል ናቸው። እሳቱ ኃይለኛ፣ ጊዜው አጭር፣ መጥበሻው ክፍት ነው። ዋናው ሥራ የሚያልቀው ምድጃው ሳይለኮስ ነው። ዝግጅቱ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ ማብሰሉ ግን ሩብ ሰዓት አይሞላም።

የሚያስፈልገው (ለአራት ሰው)

ለአሳው፦ ግማሽ ኪሎ ፊሌቶ፣ የ1 እንቁላል ነጩ ብቻ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት።

ለአትክልቱ፦ 1 ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ 1 ካሮት፣ 1 የፈረንጅ ቃሪያ፣ አንድ እፍኝ ፎሶልያ፣ 2 ቃሪያ፣ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ ጥቂት የባሮ ሽንኩርት ቅጠል።

ለሶሱ፦ 3 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 5 የሾርባ ማንኪያ ውሃ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ማር ወይም ስኳር፣ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ኮርን ስታርች።

ለመጥበሻ፦ 5 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። የሱፍ ዘይት ተመራጭ ነው። የኑግ ዘይት ጠረኑ ሁሉንም ይሸፍነዋል። ቅቤ ደግሞ በዚህ እሳት ይቃጠላል፣ አታስቡት።

ሱቅ ስትሄዱ የሚያሳስቱ ነገሮች

ኮርን ስታርች ማለት በጣት ሲያሹት ጭር ጭር የሚለው በጣም ነጭ ዱቄት ነው። ለቂጣ የምንገዛው የበቆሎ ዱቄት አይደለም፤ እሱን ከጨመራችሁ ሶሱ ገንፎ ይሆናል። ስታርቹን ካጣችሁ የፉርኖ ዱቄት ተጠቀሙ። ለአሳው ልክ እንደ ስታርቹ 2 ማንኪያ ይበቃል። ለሶሱ ግን መጠኑን እጥፍ አድርጉና ዱቄት ዱቄት እንዳይል ትንሽ ረዘም አድርጋችሁ አፍሉት።

ሶያ ሶስ ሁለት ዓይነት አለ። "ላይት" የተባለው ቀጭንና ጨዋማ ነው። "ዳርክ" የተባለው ወፈር፣ ጠቆር፣ ጣፈጥ ይላል። ለዚህ ሥራ ላይቱን ግዙ። ያገኛችሁት ዳርክ ብቻ ከሆነ 2 ማንኪያ አድርጉትና ማሩን በግማሽ ቀንሱ።

ብዙ የእስያ አሠራሮች የሩዝ ወይን ይጨምራሉ። ጅማ ውስጥ ማዕዳችሁ ላይ አልኮል የማይነካ ሰው ሊቀመጥ ይችላል፣ ተዉት። አቼቶውና ማሩ ቦታውን ይሞላሉ። በጾም አሳ የሚበላ ሰው ካለ ደግሞ የእንቁላሉን ነጭ ተዉና ስታርቹን በግማሽ ማንኪያ ጨምሩ። ሽፋኑ ትንሽ ይሳሳል እንጂ ይሠራል።

1. አሳውን መምረጥ

ቆሮሶ ፈልጉ። ከግልገል ጊቤ ግድብ የወጣ ትኩስ ቆሮሶ ካገኛችሁ ሌላ አትመኙ። አምባዛም ይሆናል፣ ግን ሥጋው ቅባታምና ለስላሳ ስለሆነ ወፈር አድርጋችሁ ቁረጡት። ቅርፊት የለውም ብለው የማይበሉት ሰዎች ስላሉ እንግዳ ከጠራችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሙሉ አሳ ከሆነ ዓይኑ ጎላ ያለና የጠራ ይሁን። የጭንቅላቱን ጎን ክዳን ከፍታችሁ መተንፈሻውን እዩ። ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው፣ ወደ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሄደ ይቅርባችሁ። ሥጋውን በጣት ስትጫኑት ተመልሶ መነሳት አለበት። ጎድጉዶ ከቀረ ለስተር ፍራይ አይሆንም፤ ምንም ብትጠነቀቁለት መጥበሻው ላይ ይፈርሳል።

ሂሳቡንም አትርሱ። ከሙሉ ቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ ከክብደቱ ሲሶ ገደማ ነው። ለግማሽ ኪሎ ፊሌቶ አንድ ኪሎ ተኩል ሙሉ አሳ ያስፈልጋል። ጭንቅላቱና አጥንቱ ለሾርባ ይሁን።

መርካቶ ስትወጡ አትክልቱን መጀመሪያ፣ አሳውን መጨረሻ ላይ ግዙ። አሳ በፌስታል ተንጠልጥሎ ከተማ መዞር የለበትም። ከፍሪጅ ውጭ የሚቆይበት ጊዜ ተደምሮ ከ2 ሰዓት አይለፍ።

የበረደ አሳ ከሆነ ከማታው ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አውርዱት። ከቸኮላችሁ በደንብ በታሰረ ፕላስቲክ አድርጋችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩትና ውሃውን በየ30 ደቂቃው ቀይሩ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ወይም ፀሐይ ላይ አታቅልጡት። ላዩ ይበላሻል፣ ውስጡ በረዶ ሆኖ ይቆያል።

2. ማጽዳትና መቁረጥ

የአሳ መክተፊያና ቢላ ለብቻ ይሁን። አንድ መክተፊያ ብቻ ካላችሁ አትክልቱን መጀመሪያ ክተፉ።

ፊሌቶውን በጣታችሁ ከላይ ወደ ታች ዳብሱት። መሐሉ ላይ የቀሩ ቀጫጭን አጥንቶች ይነኳችኋል። ከግራና ከቀኝ በቢላ ሰንጥቃችሁ ያቺን ቀጭን መስመር አውጧት። በቆዳው በኩል ያለውን ጠቆር ያለ ሥጋም በስሱ ላጡት። የረግረግ ጠረን የሚጠናው እዚያ ላይ ነው።

ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ አውጡ። ከዚያ ያነሰ አታድርጉ። "በደንብ ይብሰል" ብሎ ማሳነስ አሳውን ለማፍረስ አቋራጩ መንገድ ነው። ሥጋው ልል ሆኖ ቢላ አልቀበል ካለ 20 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት፣ ጠንከር ይላል።

*ስለ ሎሚ አንድ ማስጠንቀቂያ።* አሳ በሎሚና በጨው ማሸት የብዙ ቤት ልማድ ነው። ማድረግ ከፈለጋችሁ ሳትቆርጡት አሹት፣ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት። ተቆርጦ ሎሚ ውስጥ የተቀመጠ አሳ በአሲዱ ምክንያት ላዩ ይነጣል፣ ፍርፍር ይላል። ከዚያ በኋላ ምንም አያድነውም።

3. ማድረቅ

ይህን ደረጃ ማንም አይዘለው።

ቁራጮቹን በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ወይም በሶፍት ላይ ደርድሩ። በላያቸው ሌላ ደርቡና በመዳፍ ጫን ጫን አድርጉ። አታሹ። ጨርቁ ሲርስ ቀይሩና ድገሙት። ጊዜ ካላችሁ ሰሃን ላይ ዘርግታችሁ ሳትከድኑ ለ30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ተዉት። የፍሪጁ አየር የቀረውን ያደርቀዋል።

ማወቂያው ቀላል ነው። ቁራጩን በጣት ስትነኩ ቀዝቃዛና ትንሽ የሚያጣብቅ ከሆነ ደርቋል። የሚያንሸራትት ከሆነ ገና ነው። ከፍሪዘር የወጣ አሳ ብዙ ውሃ ስለሚለቅ ጨርቁን ሦስት ጊዜ መቀየር የተለመደ ነው።

ውሃ በዚህ ደረጃ ካልወጣ ሽፋኑን ያላቅቀዋል፣ ዘይቱን ያቀዘቅዘዋል፣ ሲፈናጠርም እጅ ያቃጥላል።

4. ሽፋኑን ማልበስ

ሀ. ጨውና ቁንዶ በርበሬውን ነስንሱ፣ በእጅ ቀስ ብላችሁ ገልብጡ።

ለ. የእንቁላሉን ነጭ በሹካ ጥቂት ሰበር ሰበር አድርጉት። አረፋ እስኪሆን አትምቱት። ከአሳው ጋር አዋህዱ።

ሐ. ስታርቹን በወንፊት ነፍታችሁ ጨምሩ። መጨረሻ ላይ ዘይቱን ጨምሩ። ዘይቱ ቁራጮቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ይረዳል።

መ. ከድናችሁ 15 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ።

ትክክለኛው ሽፋን ስስ ነው፤ የአሳው ቀለም በሥሩ መታየት አለበት። ሳህኑ ሥር ነጭ ፈሳሽ ከተጠራቀመ አሳው በደንብ አልደረቀም ማለት ነው። ፈሳሹን ድፉትና አንድ የሻይ ማንኪያ ስታርች ጨምሩ።

5. ሩዙን አሁን ጣዱ

ስተር ፍራይ ሩዝ አይጠብቅም። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሩዙ እሽጉ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይጨምራል፣ ውሃውም ትንሽ ከፍ ይላል። ሲበስል እሳቱን አጥፍታችሁ ተከድኖ ይቆይ። በእንጀራ መብላትም ይቻላል፣ ግን እንጀራው ሶሱን ወዲያው ይመጠውና አሳው ብቻውን ይቀራል።

6. አትክልቱ

ሁሉንም ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተከትፎ ጨርሱ። ታጥቦ ወዲያው መጥበሻ የሚገባ አትክልት የለም።

ካሮቱን እንደ ክብሪት እንጨት አቅጥኑት። ሽንኩርቱን በቁመቱ ሰፋ አድርጋችሁ ክተፉ። እንደ ወጥ ሽንኩርት አታድቅቁት፣ ውሃ ይለቃል። የፈረንጅ ቃሪያውን ፍሬውን አውጥታችሁ በስሱ ቁረጡ። ፎሶልያው ብቻውን ጠንካራ ስለሆነ በሚፈላ ጨዋማ ውሃ 3 ደቂቃ ቀቅላችሁ በቀዝቃዛ ውሃ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ እንደ አሳው አድርቁት። ዝንጅብሉን ልጣችሁ በስሱ ክተፉ፣ ነጭ ሽንኩርቱንም እንዲሁ። በሙቀጫ አትውቀጡ። የተወቀጠው እርጥብ ስለሆነ መጥበሻ ሲነካ ይጣበቅና በሰከንዶች ያርራል።

ጥቅል ጎመን መጨመር የሚወድ ሰው አለ። ከአንድ እፍኝ አይብለጥ።

7. ሶሱን በኩባያ ጨርሱ

የሶሱን ዕቃ በሙሉ አንድ ኩባያ ውስጥ አድርጉና ስታርቹ እስኪሟሟ አማስሉ። ማሩ ወፍሮ አልሟሟ ካለ መጀመሪያ በለብ ያለ ውሃ በጥብጡት። አቼቶአችሁ ኃይለኛ ከሆነ በግማሽ ማንኪያ ጀምሩ። ቅመሱት። ትንሽ ጨዋማ፣ ትንሽ ጣፋጭ፣ ትንሽ ጎምዛዛ መሆን አለበት። ለብቻው ሲቀመስ በዛ ያለ የሚመስል ጨው ሩዙ ላይ ይስተካከላል። ሌላ ጨው አትጨምሩ፣ ሶያ ሶሱ ራሱ ጨው ነው።

8. እሳቱ

ከሰል ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው፣ ኃይለኛ ሙቀት ይሰጣል። ፍሙ እስኪቀላና ጭሱ እስኪጠፋ ጠብቁ። በክረምት ከሰሉ እርጥበት ስለሚይዝ ቀደም ብላችሁ አያይዙት። ሙቀቱን መቀነስ ስትፈልጉ መጥበሻውን አንሱት። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታቀጣጥሉ። የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። በረንዳ ላይ ወይም በርና መስኮት ተከፍቶ ይሁን።

በኤሌክትሪክ ምድጃ የምትሠሩ መቀመጫው ጠፍጣፋ የሆነ ወፍራም መጥበሻ ውሰዱ። ሥሩ ክብ የሆነው የእስያ መጥበሻ (ዎክ) እዚያ ላይ በቂ ሙቀት አያገኝም። ምድጃው ሙሉ ኃይሉ ላይ ሆኖ 5 ደቂቃ ይቅደም፣ አሳውንም ከሁለት ይልቅ በሦስት ዙር ጥበሱ። በሲሊንደር ጋዝ የምትሠሩ ብዙ የምትቸገሩት የለም።

የማያጣብቅ ሽፋን ያለውን መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ አትተዉት፣ ዘይቱን ቀድማችሁ ጨምሩ። የብረት መጥበሻ ግን ባዶውን ይጋል።

አሳው፣ አትክልቱ፣ ሶሱ፣ ንጹሕ ሰሃንና ማገላበጫው አጠገባችሁ ናቸው? ከዚህ በኋላ ቃሪያ ለመክተፍ የሚሄድ ሰው አይኖርም።

9. አሳውን መጥበስ

1. የብረት መጥበሻውን አግሉ (የማያጣብቀው ከሆነ ዘይቱን ቀድማችሁ ጨምሩ፣ የውሃውን ሙከራ ተዉት)። አንድ ጠብታ ውሃ ጣል ስታደርጉ ወዲያው ተንከባሎ ከጠፋ ደርሷል። ውሃው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ዘይት አትጨምሩ።

2. ከዘይቱ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ፣ መጥበሻውን አዘንብላችሁ ሥሩን አዳርሱ።

3. ግማሹን አሳ አንድ በአንድ፣ በመካከላቸው ክፍተት ትታችሁ አስቀምጡ። ከእናንተ ርቆ ወደ ውጭ እንዲጋደም አድርጋችሁ አውርዱት፣ ዘይት እንዳይረጫችሁ። የመጀመሪያው ቁራጭ ቸስ ካላለ ቀሪውን አታስገቡ፣ ጠብቁ።

4. አትንኩት። አንድ ደቂቃ ከግማሽ ያህል እጃችሁን ሰብስቡ። ሽፋኑ ሲጠነክር አሳው ራሱ ከመጥበሻው ይላቀቃል። ቀድሞ የነካው ሰው ሽፋኑን ብረቱ ላይ ትቶ ያነሳል።

5. እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ ገልብጡ። አንድ ደቂቃ ጨምሩ። ወደ ሰሃን አውጡ። ሙሉ በሙሉ ባይበስል ችግር የለም፣ ሶሱ ውስጥ ይጨርሳል።

6. አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ሁለተኛውን ዙር ድገሙ።

ጥሬ አሳ የነበረበትን ሳህን መልሳችሁ ለበሰለው አትጠቀሙበት።

ዘይቱ እሳት ከያዘ ምድጃውን አጥፉና መጥበሻውን በክዳን ግጠሙት። ከሰል ላይ ከሆነም ወዲያው ክደኑት እንጂ የሚነድ ዘይት ይዛችሁ አትሂዱ። ውሃ በፍጹም አትድፉበት።

10. አትክልቱን መጥበስ

የተራረፈውን የሽፋን ፍርፋሪ በእንጨት ማንኪያ ጠርጋችሁ አውጡ፣ ያርርና ሶሱን ያመራል። የቀረውን 2 ማንኪያ ዘይት ጨምሩ፣ እሳቱን ወደ ላይ።

ካሮትና ሽንኩርት መጀመሪያ፣ አንድ ደቂቃ። ፎሶልያና የፈረንጅ ቃሪያ ቀጥሎ፣ ሌላ አንድ ደቂቃ። ያለማቋረጥ አገላብጡ። መሐሉን ከፈት አድርጋችሁ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያውን ጨምሩ። 20 ሰከንድ ይበቃል፣ ሽታው ሲያውዳችሁ ቀጥሉ። ነጭ ሽንኩርት ቀድሞ ከገባ ያርራል፣ ለዚህ ነው ወደ መጨረሻ የሄደው።

አትክልቱ ሲነከስ መንኮሽኮሽ አለበት። ቤታችሁ ውስጥ "ይሄ ጥሬ ነው" የሚል አይጠፋም። ለእሱ ሲባል ድስቱ አይከደንም።

11. ማገናኘት

ስታርቹ ሥሩ ስለሚዘቅጥ የሶሱን ኩባያ እንደገና አማስሉ። በመጥበሻው ዳር ዙሪያውን አፍስሱት። በ30 ሰከንድ ውስጥ ይንተከተክና ያብረቀርቃል።

አሳውን ከላይ አስቀምጡ። ከዚህ ጀምሮ ማማሰያ አይገባም። እጀታውን ይዛችሁ መጥበሻውን ወደፊትና ወደኋላ ነቅነቅ አድርጉ፣ ሶሱን በማንኪያ እየጨለፋችሁ ላዩ ላይ አፍስሱ። 45 ሰከንድ ይበቃል። ወፍራሙን ቁራጭ በሹካ ከፈት አድርጉ። መሐሉ ነጭ ሆኖ በቀላሉ ከተሰነጠቀ በስሏል፣ መስታወት መሳይ ነገር ካለው ጥቂት ጨምሩ። ቴርሞሜትር ያለው ሰው 63 ዲግሪ ሲያይ ያውጣ።

ከእሳት አውርዱ። የባሮ ሽንኩርቱን ቅጠል በትኑ። የእስያን ጠረን የሚሰጠው ከተቆላ ሰሊጥ የተጨመቀው ቡናማ ዘይት ነው፣ ካገኛችሁ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጠብ አድርጉ። ካልሆነ አንድ ማንኪያ ሰሊጥ በደረቅ መጥበሻ ቆልታችሁ ነስንሱበት። ወዲያው አቅርቡ።

ነገር ሲበላሽ

*አሳው ተጣበቀ።* አትፈልቅቁት። እሳቱን ትንሽ ቀንሱና 30 ሰከንድ ጠብቁ። አሁንም ካልተላቀቀ ስስ ማገላበጫ በሥሩ አስገቡ።

*አትክልቱ ውሃ ለቀቀ።* ሶሱን አትጨምሩ። አትክልቱን ወደ ሰሃን አውጡ፣ ውሃውን ድፉ፣ መጥበሻውን ጥረጉና እንደገና አግሉ። አትክልቱን መልሱና ወዲያው ሶሱን አስከትሉ።

*ሶሱ ቀጠነ።* ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስታርች በ1 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና አሳው ከመግባቱ በፊት ጨምሩ። ደረቅ ስታርች ፍል ሶስ ላይ ከተበተነ ይጓጉላል። አሳው ገብቶ ከሆነ አውጡት።

*ሶሱ ወፈረ ወይም ጨው በዛ።* ወፍራሙን በፍል ውሃ፣ በማንኪያ በማንኪያ አቅጥኑ። ለጨውም እንዲሁ፤ ትንሽ ማርና ጥቂት ሎሚ ጨምሩበት። ሩዙን ያለ ጨው ከቀቀላችሁት ይበልጥ ይረዳል።

*ነጭ ሽንኩርቱ አረረ።* ምሬቱ አይሸፈንም። አትክልቱን አውጡ፣ ያረረውን ለቅማችሁ ጣሉ፣ መጥበሻውን አጥባችሁ በአዲስ ዘይት ቀጥሉ።

*መሐል ላይ መብራት ጠፋ።* አሳው ሰሃን ላይ ከሆነ አትክልቱን ከመጥበሻው አውጡ፣ ግለቱ ያዝለዋል። ከሰል እስኪቀጣጠል ይጠብቁ። የተሸፈነው ጥሬ አሳ ደግሞ ወደ ፍሪጅ ይመለስ፣ ፍሪጁም አይከፈት።

*አሳው ፈረሰ።* ካሁን በኋላ አይገጥምም። ፍርፋሪውን ከሶሱ ጋር ሩዙ ላይ ገልብጡት፣ ጣዕሙ ያው ነው።

የተረፈ ካለ

በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡና በማግስቱ ጨርሱት። ስታሞቁት መጥበሻ ላይ በ2 ማንኪያ ውሃ፣ እስኪያጤስ ድረስ። ምሳ ዕቃ የምትቋጥሩ ከሆነ ሩዙንና አሳውን ለየብቻ ያዙ።